ዓሣው ሲታመም ጉበቱ ዝም ይላል፦ የቦርከናን ብክለት በዓሣ ኢንዛይም ከመለካታችን በፊት

ከደሴ በላይ ካሉት ከፍታዎች የሚነሣው የቦርከና ወንዝ የደሴን ከተማ መሐል ለመሐል ሰንጥቆ፣ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ፣ እዚያም ለዮሌና ወርቃ የተባሉትን ጅረቶች ተቀብሎ በከሚሴ በኩል ወደ አዋሽ ያመራል። በዚህ ጉዞው የሚሸከመው ነገር ብዙ ዓይነት ነው። ከደሴ የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ፣ የገበያ ጥራጊና ከጋራዦች የሚደፋ ያረጀ የሞተር ዘይት ይገባበታል፤ ከኮምቦልቻ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የቢራና የብረታ ብረት ሥራ ተረፈ ምርት ይጨመርበታል። በለዮሌና በወርቃ ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ከቆዳ ሥራ የሚወጣው ፍሳሽ ከፍተኛ የክሮሚየም መጠን እንደሚይዝ አሳይተዋል። ይህን ሁሉ እያወቅን ዛሬም የሚያከራክረን ጥያቄ ወንዙ በውስጡ የሚኖረውን ፍጥረት ምን ያህል እየጎዳ ነው የሚለው ነው።

በጠርሙስ የተቀዳ ውሃ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የተቀዳበትን ሰዓት ብቻ የሚመለከት ነው። ፍሳሽ በሌሊት ቢለቀቅና ናሙናው በማግስቱ ረፋድ ላይ ቢወሰድ፣ ወይም የክረምት ጎርፍ ሁሉንም አጥቦ ከሄደ በኋላ ቢቀዳ፣ ውጤቱ ከእውነታው ይርቃል። ዓሣ ግን ቀንም ሌሊትም ውሃው ውስጥ ነው፤ በስንጥቡ የሚያስገባው፣ ከምግቡ ጋር የሚውጠው ሁሉ በሰውነቱ ምልክት ይተዋል። ስለዚህ የሥነ ምኅዳር መርዝ ተመራማሪዎች ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ የዓሣን ጉበት እንደ ምስክር ሲጠይቁ ቆይተዋል፤ በተለይም በጉበት ውስጥ ያሉትን መርዝ ማርከሻ ኢንዛይሞች። ይህ ዘዴ ለቦርከናም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን እንደ ቦርከና የሰው ፍሳሽና የፋብሪካ ኬሚካል በአንድ ላይ በሚፈስበት ወንዝ ምስክሩ ሊሳሳት የሚችልበት አንድ ትልቅ ምክንያት አለ፤ እርሱም የዓሣው የራሱ በሽታ የመከላከል ሥራ ነው። ዓሣ ከባክቴሪያ፣ ከቫይረስ ወይም ከጥገኛ ተውሳክ ጋር በሚዋጋበት ጊዜ ጉበቱ መርዝ የማርከስ ሥራውን ይቀንሳል፤ በዚያ ሰዓት ኢንዛይሙን የለካ ባለሙያ ውሃው ንጹሕ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል።

ጉበት መርዝን እንዴት ያረክሳል?

ቅባት የነካውን እጅ በውሃ ብቻ ቢያሹት እንደማይለቅ ሁሉ፣ በውሃ የማይሟሟ ኬሚካልም ከሰውነት በቀላሉ አይወጣም፤ ስብ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። የጉበት ሥራ ይህን ቅባታማ ነገር ወደ ውሃ የሚቀርብ ነገር መለወጥ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ሳይቶክሮም ፒ450 የሚባሉት ኢንዛይሞች በሞለኪውሉ ላይ ኦክስጅን ይተክላሉ፤ በሁለተኛው ደረጃ ሌሎች ኢንዛይሞች እንደ ግሉታታዮንና ግሉኩሮኒክ አሲድ ያሉ ውሃ ወዳድ አካላትን በዚያ ላይ ይለጥፋሉ፤ በመጨረሻም በሕዋስ ግድግዳ ላይ ያሉ አጓጓዥ ፕሮቲኖች ውጤቱን ወደ ሐሞት ወይም ወደ ሽንት ይገፉታል። ፒ450 የሚለው ስም የመጣው እነዚህ ፕሮቲኖች ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ሲጣበቁ 450 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን አጥብቀው ስለሚመጥጡ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ብረት አዘል ክፍል፣ ሂም የሚባለው፣ ደማችንን ቀይ ከሚያደርገው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ይህን ብረት አንባቢ እንዲያስታውሰው እጠይቃለሁ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከፒ450 ቤተሰብ ውስጥ ለብክለት ምርመራ የተመረጠው ሲዋይፒ1ኤ የሚባለው ነው። የተመረጠበት ምክንያት በንጹሕ ውሃ ውስጥ መጠኑ አነስተኛ ሆኖ፣ የተወሰኑ ኬሚካሎች ሲመጡ በብዙ እጥፍ ስለሚጨምር ነው። እነዚህ ኬሚካሎች ባረጀ የሞተር ዘይት፣ በጥቀርሻና በነዳጅ ጭስ የሚገኙት ባለብዙ ቀለበት ሃይድሮካርቦኖች፣ እንዲሁም ዳይኦክሲኖችና አንዳንድ ፒሲቢዎች የሚባሉ ክሎሪን ያዘሉ መርዞች ናቸው። ኬሚካሉ ወደ ሕዋሱ ሲገባ አሪል ሃይድሮካርቦን ተቀባይ ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ ተቀባዩም ወደ ኒውክለስ ገብቶ፣ ከአንድ ረዳት ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ፣ የሲዋይፒ1ኤን ጂን ያስነሣል። በላብራቶሪ ሥራው የሚለካው ብዙውን ጊዜ ኢሮድ በሚባል ምርመራ ነው፤ ለኢንዛይሙ አንድ ልዩ ንጥረ ነገር ይሰጠዋል፣ ኢንዛይሙ ሲቆርጠውም ሮዝ መልክ ያለው የሚያበራ ቀለም ይወጣል፣ የብርሃኑ ብዛት የኢንዛይሙን ትጋት ይነግራል። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ በአላስካ ዘይት ካፈሰሰች በኋላ በዓሦች ላይ የደረሰውን ለመከታተል ካገለገሉት መለኪያዎች አንዱ ይህ ኢንዛይም ነበር።

የመከላከያው ትእዛዝ ጉበት ዘንድ ሲደርስ

ዓሣ እንደኛ በአጥንቱ ውስጥ የደም ሕዋስ የሚፈለፈልበት መቅኔ የለውም፤ ያንን ሥራ የሚሠራለት ከጭንቅላቱ ጀርባ ያለው የኩላሊቱ የፊት ክፍል ነው። እዚያና በጣፊያው የሚገኙ በላተኛ ሕዋሳት ባክቴሪያ ሲያገኙ ውጠው ያጠፉታል፤ በዚያው ቅጽበትም ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ወደ ደም ይለቃሉ። ኢንተርሉኪን 1 ቤታ፣ ኢንተርሉኪን 6፣ ቲኤንኤፍ አልፋ፣ ቫይረስ ከሆነ ደግሞ ኢንተርፌሮኖች፣ በደም ተጉዘው ጉበት ይደርሳሉ። ጉበት ትእዛዙን ሲቀበል የሥራ ቅደም ተከተሉን ይለውጣል፤ ለቁስልና ለኢንፌክሽን የሚያስፈልጉ ፕሮቲኖችን በብዛት ማምረት ይጀምራል፣ መርዝ ማርከሻዎቹን ግን ያሳንሳል።

ይህ ግንኙነት መጀመሪያ የታየው በአጥቢ እንስሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ሬንተንና ማነሪንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ኢንተርፌሮን እንዲመረት የሚያደርጉ ነገሮች የጉበትን ፒ450 እንደሚቀንሱ አሳዩ። ከአራት ዓመት በኋላ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ኢንፍሉዌንዛ ቢ በተስፋፋበት ወቅት፣ ለአስም ቴኦፊሊን የሚወስዱ ልጆች ቀድሞ ሲወስዱት በነበረው መጠን መመረዝ ጀመሩ፤ መድኃኒቱ አልተለወጠም፣ መጠኑም አልጨመረም፣ የተለወጠው በጉንፋኑ ምክንያት ሥራውን የቀነሰው ጉበታቸው ነው። ቴኦፊሊንን በሰው ጉበት የሚያረክሰው ሲዋይፒ1ኤ2 ደግሞ በዓሣ ጉበት ከምንለካው ጋር የአንድ ቤተሰብ አባል ነው። ተቃራኒውም ታይቷል። የቁርጥማት ሕመምተኞች የኢንተርሉኪን 6ን መልእክት የሚዘጋውን ቶሲሊዙማብ ሲወስዱ፣ ሲምቫስታቲን የተባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት በደማቸው ውስጥ ያለው መጠን ከግማሽ በላይ ወረደ፤ መልእክተኛው ዝም ሲሰኝ ጉበቱ ወደ ሥራው ተመለሰ ማለት ነው።

ጉበት ኢንዛይሞቹን የሚቀንስበት መንገድ አንድ ብቻ አለመሆኑ ለጉዳያችን በጣም ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የትኛውን ደረጃ እንደምንለካ ይወስናል። የመጀመሪያው መንገድ በጂን ደረጃ ነው። ሳይቶካይን ሲመጣ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለ የእብጠት መሪ ፕሮቲን ወደ ኒውክለስ ይገባል፤ እርሱ ከአሪል ሃይድሮካርቦን ተቀባይ ጋር በቀጥታ ይያያዛል፣ ሁለቱም የሚፈልጓቸውን ረዳት ፕሮቲኖችም ይሻማል። ስለዚህ ዘይቱና ጥቀርሻው በሕዋሱ ውስጥ እያለ፣ ተቀባዩም ይዞት እያለ፣ ጂኑ ግን እንደሚገባው አይነሣም። ሁለተኛው መንገድ ጂኑ ከተነሣ በኋላ ነው፤ እብጠት ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ያስመርታል፣ ጋዙም ቀደም ሲል ያነሣሁትን የሂም ብረት ይዞ ኢንዛይሙን ያሰናክለዋል። ሦስተኛው መንገድ ሂምን ራሱን የሚያፈርስ ሂም ኦክሲጂኔዝ የተባለ ኢንዛይም መጨመሩ ነው፤ ሂም የሌለው ፒ450 ፕሮቲኑ ቢኖርም ሥራ አይሠራም። እንግዲህ አንድ ተመራማሪ የጂኑን መልእክት ብቻ ቢለካና ሌላው የኢንዛይሙን ሥራ ብቻ ቢለካ፣ ከአንድ ዓሣ ሁለት የተለያየ ታሪክ ሊያወጡ ይችላሉ።

ሰውነት በሕመም ሰዓት ለምን እንዲህ ያደርጋል? በተመራማሪዎች ዘንድ ከአንድ በላይ ማብራሪያ አለ፣ እኔ አሳማኝ ሆኖ የማገኘው የሚከተለውን ነው። ፒ450 ሲሠራ አንዳንድ ጊዜ ጎጂ የኦክስጅን ቅንጣቶች ያመልጡታል፤ በላተኛ ሕዋሳት ባክቴሪያን ለመግደል እነዚያኑ ቅንጣቶች በብዛት በሚለቁበት ሰዓት ጉበት ተጨማሪ ጉዳት እንዳይመጣ ምንጩን ይቀንሳል። ከዚህም ጋር ብረት ባክቴሪያ የሚሻማበት ሀብት ስለሆነ ዓሣን ጨምሮ ብዙ እንስሳት በኢንፌክሽን ጊዜ ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን አብዝተው ብረትን ከደም ይደብቃሉ። በዚህ አንጻር ሲታይ ብረት የሚፈልጉ ኢንዛይሞች ሥራ መቀነስ ራስን የማዳን ሥርዓት አካል ሊሆን ይችላል። ችግሩ ይህ ሥርዓት የተሠራው ፋብሪካ በሌለበት ዘመን መሆኑ ነው። ከባክቴሪያው ጋር አብሮ ዘይትና ቀለም በሚፈስበት ወንዝ፣ ለአንዱ ጠላት የተደረገው ዝግጅት ለሌላው በር ይከፍታል።

ዓሣ ላይ የታየው

በካርፕ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩ ሙከራዎች ከባክቴሪያ ግድግዳ የሚገኘውን ኢንዶቶክሲን የተወጉ ዓሦች በጉበታቸውም ሆነ በመከላከያ አካሎቻቸው ውስጥ መርዝ ማርከሻ ሥርዓታቸው እንደሚለወጥ አሳይተዋል። ከሁሉም ይበልጥ ትኩረቴን የሳበው ኢንዛይሞቹ በጉበት ብቻ ሳይወሰኑ በፊት ኩላሊትና በጣፊያ ጭምር መኖራቸው ነው። ይህ ማለት ባለብዙ ቀለበት ሃይድሮካርቦን ወደ መከላከያ ሕዋስ ሲገባ እዚያው ሊለወጥ፣ ከተለወጠውም ውስጥ አንዳንዱ ከመጀመሪያው ይልቅ አደገኛ ሆኖ ሕዋሱን ራሱን ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ግንኙነቱ የአንድ አቅጣጫ አይደለም። መከላከያው ማርከሻውን ይቀንሳል፣ በማርከሻው የሚለወጠው ብክለትም መከላከያውን ያዳክማል፣ የተዳከመው ዓሣ ደግሞ ለበሽታ ይጋለጣል፣ በሽታውም እንደገና ማርከሻውን ይቀንሳል።

የዓሣ ነገር ከአይጥና ከሰው የሚለይበት ቦታም አለ፤ ይህን ሳያዩ ከአጥቢ እንስሳት በቀጥታ መቅዳት ስሕተት ነው። ዓሦች ኢንዶቶክሲንን እጅግ ይቋቋማሉ፤ ሰውን በጥቂቱ የሚያስደነግጠው መጠን ዓሣን ብዙም አያናውጠውም። ዜብራፊሽ በተባለችው የላብራቶሪ ዓሣ ላይ እንደታየው፣ እኛ ኢንዶቶክሲንን የምናውቅበት ተቀባይ በእርሷ ዘንድ ያንን ሥራ አይሠራም። በሌላ በኩል ዓሣ የሰውነቱ ሙቀት የውሃው ሙቀት ነው፤ በቀዝቃዛ ወቅት የመከላከያ መልሱም የኢንዛይሙ ሥራም ይዘገያል። ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ በ2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸውና፣ በአንድ ወንዝ ላይና ታች የተያዙ ዓሦችን የኢንዛይም ቁጥር ሳያስተካክሉ ማወዳደር ከብክለቱ ይልቅ የሙቀቱን ልዩነት መለካት ሊሆን ይችላል። እንቁላል የያዘች ዓሣም ኤስትሮጅኗ ሲዋይፒ1ኤን ስለሚቀንሰው፣ ወንድና ሴት መለየቱ ግዴታ ነው።

አሁን አንባቢ የሚጠይቀውን ጥያቄ ላንሣ። የማርከሻው መቀነስ ለዓሣው ጉዳት ነው ወይስ ጥቅም? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም ሲዋይፒ1ኤ ሁልጊዜ ወዳጅ አይደለም። በጥቀርሻ ውስጥ ያለውን ቤንዞፓይሪን ሲለውጥ ከሚያወጣቸው ነገሮች አንዱ ከዲኤንኤ ጋር የሚጣበቅና ካንሰር የሚያስነሣ ነው። በአሜሪካ በፒዩጀት ሳውንድ የሚኖሩ ኢንግሊሽ ሶል የተባሉ ጠፍጣፋ ዓሦች በጉበታቸው የያዙት ዕጢ ከእነዚህ ሃይድሮካርቦኖች ጋር ተያይዟል። በዚህ ብቻ ብንመለከት ኢንዛይሙ ዝም ቢል ይሻላል ልንል እንችላለን። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የአይጥ ጥናት ሌላውን ገጽ አሳየ፤ ሲዋይፒ1ኤ1 እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች ቤንዞፓይሪንን በየቀኑ በምግባቸው ሲበሉ የመከላከያ አካላቸው እየሟሸሸ በአንድ ወር ገደማ ሞቱ፣ ኢንዛይሙ ያላቸው ግን ያንኑ መጠን እየበሉ ቆዩ። በአፍ ለሚገባ መርዝ ማርከስ ከማባባስ ይበልጣል ማለት ነው። የታመመ ዓሣም ከሞላ ጎደል ለጊዜው ወደዚያ ወደ ኢንዛይም አልባው አይጥ ይጠጋል፤ የሚበላው ነገር በሰውነቱ ይቆያል፣ የመጀመሪያው የሚጎዳውም ሊዋጋበት የሚፈልገው የመከላከያ አካል ነው።

ወደ ቦርከና ስንመለስ

በኮምቦልቻ ይህን ሁሉ ያካተተ ችግር በአንድ ወንዝ ላይ ተሰብስቧል። የከተማ ፍሳሽ ባክቴሪያ ያመጣል፤ ጋራዥና መኪና ሲዋይፒ1ኤን የሚያስነሣ ዘይት ያመጣሉ፤ የቆዳ ሥራ ክሮሚየም ያመጣል። ክሮሚየም የአሪል ሃይድሮካርቦን ተቀባይን የሚያስነሣ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ካድሚየምና መዳብን የመሰሉ ከባድ ብረቶች የኢሮድን ሥራ እንደሚቀንሱ በዓሣ ላይ ታይቷል። እንግዲህ ከለዮሌ መግቢያ በታች የተያዘ ዓሣ ዘይቱ ኢንዛይሙን ወደ ላይ ሲገፋው፣ ባክቴሪያውና ከባድ ብረቱ ወደ ታች ሲጎትቱት ሊገኝ ይችላል፤ የሚወጣው ቁጥር የእነዚህ ትግል ውጤት ነው። ከደሴ በላይ በንጹሕ ውሃ ከተያዘው ዓሣ ጋር እኩል ሆኖ ቢገኝ፣ ምንም አልተፈጠረም ብሎ መጻፍ ትልቅ ጥፋት ይሆናል።

ዝቅተኛ ቁጥር ንጹሕ ውሃ ማለት እንዳልሆነ ከሌላ መንገድም ተረጋግጧል። በአሜሪካ በሐድሰን ወንዝ የሚኖረው ቶምኮድ የተባለ ዓሣ ለፒሲቢ ብክለት ለብዙ ዓመታት ከመጋለጡ የተነሣ ተቀባዩ ተለውጦ፣ ሁለት አሚኖ አሲድ ጎድሎት፣ ኬሚካሉን ደካማ በሆነ መንገድ ብቻ እንደሚይዝ እ.ኤ.አ. በ2011 ተገልጿል። በተበከሉ ወደቦች የሚኖሩ ኪሊፊሽ የተባሉ ትናንሽ ዓሦችም እንዲሁ በትውልድ ቅብብል የሲዋይፒ1ኤ ምላሻቸው ደንዝዟል። እነዚህ ዓሦች በምድር ላይ እጅግ ከተበከሉ ውሃዎች ውስጥ ሆነው ኢንዛይማቸው ጸጥ ያለ ነው። በሽታ በቀናት ውስጥ የሚያመጣውን ዝምታ፣ ዝግመተ ለውጥ በብዙ ትውልድ ያመጣዋል፤ ለለኪው ግን ሁለቱም አንድ ሆነው ይታያሉ።

ለዚህ ነው መለኪያው ብቻውን መቆም የለበትም የምለው። በመጀመሪያ በዚያው ዓሣ ላይ የመከላከያ ሥርዓቱ ምልክቶች አብረው መመዝገብ አለባቸው፤ የጣፊያ ክብደት ከሰውነት ክብደት ጋር ሲነጻጸር፣ የነጭ ደም ሕዋስ ብዛትና ዓይነት፣ በስንጥብና በአንጀት ያሉ ጥገኛ ተውሳኮች፣ በቆዳ ላይ ያለ ቁስል። እነዚህ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ፣ በማይክሮስኮፕና በሚዛን የሚሠሩ ናቸው፤ ደሴና ኮምቦልቻ ግቢዎች ያሉት ወሎ ዩኒቨርሲቲ የመሰለ ተቋም ተማሪዎችን አሰማርቶ ሊያደርጋቸው ይችላል። ሁለተኛ፣ ከጉበቱ ጎን ለጎን ሐሞቱ መመርመር አለበት፤ የተለወጡት ሃይድሮካርቦኖች በሐሞት ይጠራቀማሉና፣ ኢንዛይሙ ቢደክምም ዓሣው መጋለጡን ሐሞቱ ሊያሳይ ይችላል። ይሁን እንጂ ሐሞትም ዓሣው በቅርቡ ከበላ ባዶ ስለሚሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ የወንዙን ዓሣ ብቻ ከመያዝ ይልቅ ጤናማነታቸው የታወቀ ዓሦችን በመረብ ሣጥን አድርጎ በወንዙ ላይና ታች ለተወሰኑ ሳምንታት ማቆየት ታሪካቸውን ስለምናውቀው ብዙ ግርታ ይቀንሳል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ በግልጽ መናገር አለብኝ፤ የሰው እንጀራ ያለበት ጉዳይ ነውና። በደሴ ዓሣ ቤቶች የሚቀርበው ቆሮሶ (ቲላፒያ) በብዛት የሚታወቀው ሐይቅ በተባለው ሐይቅ ነው፤ ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ፣ ውሃው ወጥቶ የማይፈስ፣ ከቦርከና ጋር የማይገናኝ ነው። ስለ ቦርከና የሚጻፍ ማንኛውም ነገር በጾም ወራት የሐይቅን ዓሣ አጥማጆች ገበያ ሊያሳጣ አይገባም። ቆሮሶውም ራሱ የተዘራው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ይህ ለጥናት ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ምክንያቱም በኮምቦልቻ የመረብ ሣጥን ውስጥ ለመክተት የሚመቸውን ዓሣ ከቅርብ ማግኘት ይቻላል። እርግጥ ሐይቅም ውሃው ስለማይወጣ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራልና፣ በዙሪያው ያለው የእርሻ ኬሚካል ሊታሰብበት ይገባል፤ ያ ግን ሌላ ጥናት ነው።

ሌላው በቅርቡ የሚመጣብን ጥያቄ የኩሬ ዓሣ እርባታ ነው። በኩሬ የታጎሩ ቆሮሶዎች በኤሮሞናስና በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ሲታመሙ ገበሬው መድኃኒት ይፈልጋል። መድኃኒት የተሰጠው ዓሣ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት የሚጠበቀው ቀን በውሃ ሙቀት ይሰላል፤ በአውሮፓ ኅብረት እስከ እ.ኤ.አ. 2022 መጀመሪያ ድረስ ለዓሣ በተለይ ያልተፈቀደ መድኃኒት ሲሰጥ ዝቅተኛው 500 ዲግሪ ቀን ነበር፤ ማለትም ውሃው 20 ዲግሪ ከሆነ 25 ቀን፣ 25 ዲግሪ ከሆነ 20 ቀን። እንዲህ ያለ ስሌት ከሙቀቱ በቀር የዓሣውን የጤንነት ሁኔታ አይጠይቅም። መድኃኒት የሚሰጠው ግን ለታመመ ዓሣ ነው። ኤንሮፍሎክሳሲን በዓሣ ጉበት በከፊል ወደ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚለወጥ መድኃኒት ነው፤ ጉበቱ በኢንፌክሽን ምክንያት በቀዘቀዘበት ሰዓት መድኃኒቱ በሥጋው ውስጥ ከታሰበው በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ለአካባቢያችን ገበሬዎች መመሪያ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ቀኑን ከመድኃኒቱ መጨረሻ ብቻ ሳይሆን ዓሣው ከዳነበትም ቀን ጀምረው ቢቆጥሩ የተሻለ ነው ብዬ አስባለሁ።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ሁለት ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። ቁጥጥሩ በአብዛኛው የሚቆመው በቱቦው አፍ ላይ ነው፤ ከዚያ የወጣው ስንት ክሮሚየም፣ ስንት ጨው፣ ስንት ኦክስጅን ጨራሽ ነገር ነው እየተባለ ይለካል። ይህ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ፍሳሹ ከባክቴሪያ ጋር ሲገናኝ በሕያው ፍጥረት ላይ የሚያመጣውን ድምር ጉዳት የቱቦ ምርመራ አያሳይም። የዓሣ ጉበት ያንን ለማሳየት ካሉን ጥቂት መንገዶች አንዱ ነው፤ በሽታውንና መርዙን አብረን እስካነበብን ድረስ።

ይህን የሚሠራ ቡድን ወደ ቦርከና ዳር ሲወርድ ከመረቡ በፊት የሚያስብበት ነገር ቅዝቃዜ ነው። ፒ450 ከሞተ ዓሣ ውስጥ ፈጥኖ ይበላሻል፤ ሂሙን የያዘበት አያያዝ ሲፈርስ ፒ420 ወደሚባል የማይሠራ ቅርጽ ይለወጣል፣ ኢሮዱም ዝቅ ይላል፤ ያ ዝቅታ ከበሽታ የመጣ ይሁን ከፀሐይ የመጣ በኋላ መለየት አይቻልም። ጉበቱ እዚያው በወንዙ ዳር፣ ዓሣው በተከፈተ በደቂቃዎች ውስጥ በፈሳሽ ናይትሮጅን መቀዝቀዝ፣ ከዚያም መብራት በማይቋረጥበት ቦታ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ከአንድ ጉበት ሁለት ቁራጭ ይወጣል፣ አንዱ ለጂኑ መልእክት፣ ሌላው ለኢንዛይሙ ሥራ፤ ጣፊያውም ከመጣሉ በፊት ይመዘናል፣ ክብደቱም የጉበቱ ቁጥር በተጻፈበት መስመር ላይ ይጻፋል።